የማርሽ ቦታ ስዊች፤ ስለ አንድ የመኪና ጥገና ትርጉም የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል። አንደኛው፣ አዲሱ ቃል ከግእዝ ይቀዳ ወይስ ከሕዝቡ አፍ ይለቀም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የውጭው ቃል እንዳለ ይወሰድ ወይስ አቻ ይፈለግለት የሚለው ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስያሜው ወጥቶ፣ በጽሑፍ ገብቶና ተባዝቶ ከአንባቢው እጅ ከደረሰ በኋላ ምን ሥራ እንደ ሠራ ወይም ምን ሥራ እንዳበላሸ ተከታትሎ መመርመርም የሙያችን ግዴታ ነው። ይህ ሒስ ይህንኑ በአንድ ጠባብ ምሳሌ ለማሳየት የቀረበ ነው።

ለሒስ የተመረጠው ሥራ ስምንት ገጽ ያለው፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ የተርጓሚው ስም ያልሰፈረበት የመኪና ጥገና ማስተማሪያ ወረቀት ነው። የሚያስተምረው በአውቶማቲክ መኪና ካምቢዮ ላይ የሚታሰር አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ ብልሽቱ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ መሆኑ ከአገላለጹ ይታወቃል። ወረቀቱ የተገኘው በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር በምዕራብ ጎጃም፣ በአዴት ከተማ ነው። አገኛኘቱንም ሆነ የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ለሒስ ያነሣሣውን ምክንያት ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

1. ዕቃውና ሥራው

አስተያየቱን ለመከታተል አንባቢው ስለ ዕቃው መጠነኛ ግንዛቤ ሊኖረው ይገባል። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ «ሃይድራማቲክ» የተባለው፣ በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ተሠርቶ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ የተገጠመውም በ1940 ሞዴል የኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ ነበር። በእጅ ማርሽ በሚነዳ መኪና ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል። በአውቶማቲክ መኪና ግን የፍሪሲዮን ፔዳል የለም። ስለዚህ ማርሹ ለጉዞ እንደ ገባ ሞተሩ ቢነሣ መኪናው ነጂው ሳያስበው ሊሄድ ይችላል። ይህ እንዳይደርስ፣ ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የማርሹ ዘንግ «ፒ» ወይም «ኤን» በተባሉት ቦታዎች ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። «ፒ» መኪናው ቆሞ የሚቈለፍበት ቦታ ነው፤ «ኤን» ደግሞ ሾፌሮቻችን «ዜሮ» የሚሉት ነው። «አር» የኋላ ማርሽ፣ «ዲ» የፊት ጉዞ ናቸው።

ይህን የሚቆጣጠረው ዕቃ ከካምቢዮው ጐን፣ የማርሹ ገመድ በሚያዞረው ዘንግ ላይ በብሎን ይታሰራል። ዘንጉ በዞረ ቍጥር በውስጡ ያሉት መገናኛዎች አንዱን መስመር ያገናኛሉ፣ ሌላውን ይለያያሉ። ሥራውም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከፒና ከኤን በቀር በሌላ ቦታ ሞተሩ እንዳይነሣ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ ማርሹ አር ላይ ሲሆን የኋላውን ነጭ መብራት ያበራል። ሦስተኛ፣ ማርሹ የት ላይ እንዳለ ለዳሽቦርዱና፣ ኮምፒዩተር ባላቸው መኪናዎች ደግሞ፣ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል።

ዕቃው ሲበላሽ ምልክቶቹ ከእነዚሁ ሦስት ሥራዎች ይመነጫሉ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ዝም ይላል፤ ወይም በፒ እምቢ ብሎ በኤን ይነሣል። የኋላ መብራት አይበራም። በዳሽቦርዱ ላይ የማርሹ ፊደል ይጠፋል ወይም ዘንጉ ካለበት ቦታ ጋር አይስማማም። በአንዳንድ መኪናዎች ካምቢዮው ራሱን ለመጠበቅ ሲል ማርሽ መለዋወጡን ያቆማል። መንሥኤውም አንድ ብቻ አይደለም፤ የውስጡ መገናኛ ሊበላ፣ ሶኬቱ ውኃ ወይም ዘይት ሊገባበት፣ የሚያስረው ብሎን ላልቶ ዕቃው ከትክክለኛ ቦታው ሊንሸራተት፣ ወይም የማርሹ ገመድ ሊዛባ ይችላል። ባትሪው ደክሞ ሳለ ይህን ዕቃ መወንጀልም የተለመደ ስሕተት ነው።

2. በአዴት የሆነው

አዴት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ ትገኛለች። አካባቢው የጤፍ አገር ነው፤ የግብርና ምርምር ማእከልም አለባት። የእርሻ መሣሪያ ስሞችን ለመሰብሰብ በተዋስኩት አውቶማቲክ መኪና ወደ ሞጣ ስጓዝ፣ በገበያ ቀን አዴት ላይ ቆሜ ምሳ በላሁ። ተመልሼ ቁልፉን ባዞር ሞተሪኖው ድምፅ አልሰጥ አለ። ማርሹን ከፒ ወደ ኤን፣ ከኤን ወደ ዲ እያመላለስኩ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነም።

በአቅራቢያው የነበረ መካኒክ ከአንድ ለማጅ ወጣት ጋር መጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ድንጋይ አንሥቶ አንዱን ከፊት ጎማ ፊት፣ ሌላውን ከኋላ ጎማ ኋላ አስደገፈ። ከዚያ መብራቱን አስበርቶ፣ ጥሩንባውን አስነፍቶ፣ «ጋሼ፣ ባትሪው ደኅና ነው፤ የማርሽ ስዊቹ ይመስለኛል፤ መፍቻ ላምጣ» ብሎ ሄደ። ለማጁ ወጣት ግን ከአጭር ሥልጠና የተቀበለው ወረቀት በኪሱ ነበረና አውጥቶ ያነብ ጀመር። እኔም ወረቀቱን ለማየት ጓጓሁ። አብረን አነበብነው።

ወጣቱ ወረቀቱ «መቀየሪያ» እያለ የሚጠራው ዕቃ ነጂው በእጁ የሚይዘው የማርሽ ዘንግ መሰለውና በመጀመሪያ የዘንጉን ሽፋን መፍታት ጀመረ። ያ እንደማያዋጣ ሲያይ፣ ሁለት ሽቦዎችን ለሙከራ በማገናኘት ዕቃውን አልፎ ሞተሩን ማስነሣት እንደሚቻል ወደሚገልጸው ክፍል አለፈ። የመኪናውን አፍንጫ ከፍቶ፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል ተከትሎ ሽቦዎቹን አገናኘና «ጋሼ፣ አሁን አስነሣው» አለኝ። እኔም ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናውም በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት ተወረወረ። ማርሹ ቀደም ሲል ስሞክር የተውኩት ዲ ላይ ነበር። ወጣቱም በሞተሩ ላይ እንዳጐነበሰ ከመኪናው ፊት ነበር። ጎማው ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ተገታ፤ እኔም ፍሬን ያዝኩ። ወጣቱ ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም።

መካኒኩ ሲመለስ ነገሩን ከዘንጉና ከድንጋዩ አነበበው። ለወጣቱ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሽቦ ከመንካትህ በፊት ማርሹ የት እንዳለ በዐይንህ እይ» አለው። ወደ እኔ ዘወር አላለም፤ ዕድሜዬን አክብሮ መሆን አለበት። ከዚያ ሽቦዎቹን ለያይቶ፣ ማርሹን ኤን ላይ አድርጎ ስዊቹን ፈለገው። አንደኛው ብሎን ላልቶ ዕቃው ከቦታው ተንሸራቶ ነበር። በዕቃው ላይ የተቀረጸውን መስመር ከዘንጉ ምልክት ጋር አስተካክሎ አጠበቀው። በፒና በኤን እንዲነሣ፣ በአርና በዲ እምቢ እንዲል፣ ወጣቱን ከኋላ አቁሞም የኋላ መብራቱን ፈተነ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ማታ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። የጠየቅሁትም ጥያቄ ይህ ነው፤ በቋንቋ ጥናት ዶክትሬት ያለው ሰውና ለማጅ መካኒክ ያንኑ ገጽ ያንኑ ጊዜ አንብበው፣ ሁለቱም በአንድ ዐይነት የተሳሳቱበት ምክንያት ምንድን ነው?

3. ስሞቹ

በቅድሚያ ለተርጓሚው የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ተዘርዝረዋል፤ ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ተርጓሚው ሰነፍ እንዳልነበረ፣ ይልቁንም ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል የአማርኛ አቻ ለመስጠት እንደ ጣረ ይታያል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ጥረት ነው።

«ሥርጭት»። ካምቢዮ የሚለውን ዕቃ ወረቀቱ «ራስ ሠር ሥርጭት» ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሬዲዮ ማስተላለፍና የሞተርን ኃይል ወደ ጎማ ማስተላለፍ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ በአማርኛ ግን ሥርጭት ከአንድ ምንጭ ወደ ብዙ አቅጣጫ መበተን ነው። ኃይሉ ግን አይበተንም፣ ይተላለፋል። «ኃይል ማስተላለፊያ» ቢል ኖሮ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ይሆን ነበር፤ ለጋራዡ ሰው ግን እርሱም ቢሆን ከ«ካምቢዮ» የራቀ ነው።

«ክልል»። ዘንጉ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ወረቀቱ «ክልሎች» ይላቸዋል። ክልል የተከለለ ስፍራ ስለሆነ ፍችው ጨርሶ አይርቅም። ነገር ግን ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ቃሉ የአስተዳደር ፍች ይዞ ስለ ጸና፣ «ክልሉን ለይ» የሚል ትእዛዝ የመካኒክን እጅ ወደ ዘንግ አይመራም። «ቦታ» የሚለው ቃል ግን ማንም የማይስተው ነው።

«ገለልተኛ»። ይህ ስያሜ በጠብ ወይም በፖለቲካ ወገን ያልያዘ ሰው የሚጠራበት ነው። ማርሽ ወገን የለውም። ሾፌሩ «ዜሮ አድርገው» ሲል ሁሉም ይረዳል። ዜሮ የቍጥር ስም ነውና ለማርሽ አይገባም የሚል ቢኖር፣ ማርሾች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብለው በቍጥር የሚጠሩ መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ምንም ማርሽ ያልገባበት ሁኔታ ዜሮ መባሉ ከሥርዐቱ የተገኘ ነው።

«ማቆሚያ»። ፒ የተባለው ቦታ በዚህ ቃል ተተርጒሟል። ማቆሚያ ግን የእጅ ፍሬንም፣ መኪና የሚቆምበት ስፍራም፣ ሞተር የሚጠፋበት ቁልፍም ሊሆን ይችላል። በዘንጉ ሥር የተቀረጸው የላቲን ፊደል ነው፤ አንባቢው በዐይኑ የሚያየውም እርሱን ነው። ስለዚህ የፊደሉ ስም ራሱ ስያሜ ሊሆን ይገባዋል።

«ቀጣይነት»። የኤሌክትሪክ ጅረት በአንድ ሽቦ ወይም መገናኛ ውስጥ ማለፍ አለማለፉ በቴስተር ሲለካ ወረቀቱ «ቀጣይነቱን ፈትሽ» ይላል። ወጣቱን በኋላ ስጠይቀው ብልሽቱ እየደጋገመ መምጣት አለመምጣቱን መጠበቅ መስሎት እንደ ነበር ነገረኝ። አማርኛው በትክክል የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ልወቅሰው አልችልም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ሽቦው ያሳልፋል» ወይም «አያሳልፍም» ይላል። «ጅረት ማለፉን ፈትሽ» ቢባል ሁለቱም ወገን ይግባባል።

«ማነቅ»። ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረገውን ደጋፊ በሚመለከት ወረቀቱ ጎማው «እንደሚታነቅ» ይናገራል። በእንግሊዝኛ ጎማ መደገፍና ማነቅ በድምፅ የሚቀራረቡ ቃላት ስለሆኑ ተርጓሚው አንዱን በሌላው ለውጧል። ለዚህ ዕቃ በመኪና ሠራተኞች ዘንድ «ታኮ» የሚል ስም አለ፤ ታኮ ሲጠፋ ድንጋይ ይተካዋል። ሕይወት የሚያድነው ማስጠንቀቂያ በዚህ ቃል ምክንያት ትርጉም አልባ ሆኖ ቀርቷል። መካኒኩ ድንጋይ ያስደገፈው ወረቀቱን አንብቦ አይደለም።

«መቀየሪያ»። ከስሞቹ ሁሉ ሰፊ አስተያየት የሚያሻው ይህ ነው። ከግሥ የሚወጡ የመሣሪያ ስሞቻችን ብዙውን ጊዜ በ«መ» ይጀምራሉ፤ ማረሻ፣ መዝጊያ፣ መቀርቀሪያ፣ መፍቻ እንደሚባለው። እነዚህ ሰው በእጁ ይዞ የሚሠራባቸው ዕቃዎች ናቸው። ማረሻ ራሱ አያርስም፤ ገበሬው ያርስበታል። በሌላ ወገን ከልካይ፣ ጠባቂ፣ ጠቋሚ፣ አስተላላፊ የሚባሉት የአድራጊ ስሞች ናቸው፤ ተግባሩን የሚፈጽሙት ራሳቸው ናቸው። እርግጥ ነው፣ ይህ ልዩነት ፍጹም ሕግ አይደለም፤ ማቀዝቀዣ ራሱ እያቀዘቀዘ በ«መ» ይጠራል። ይሁን እንጂ አንባቢው እንግዳ ቃል ሲገጥመው በመጀመሪያ የሚመጣለት ግምት ይህ ነው፤ «መቀየሪያ» ሲባል «ሰው የሚቀይርበት» ብሎ ይረዳል። በመኪና ውስጥ ደግሞ ሰው ማርሽ የሚቀይርበት ዕቃ ዘንጉ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ዘንጉ የሄደው አማርኛውን በሚገባ በማወቁ ነው።

«ማብሪያ ማጥፊያ» ቢባልስ? ይህም አያዋጣም። ከመብራት ጋር የተቈራኘ ነው፤ የእኛ ዕቃ ደግሞ ከሦስት ሥራዎቹ አንዱ ብቻ መብራትን ይነካል። «ጠቋሚ» ቢባል በዳሽቦርዱ ላይ ከሚበራው ፊደል ጋር ይምታታል። «ከልካይ» የሚለው ውብ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ሥራዎች ትቶ አንዱን ብቻ ይናገራል። ሁሉንም የሚሸፍነው ጋራዡ አስቀድሞ የያዘው «ስዊች» ነው።

4. ግሡ

ወረቀቱን ደግሜ ማንበብ ስጀምር ሒሱ በስሞች ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከስሞቹ አንዳቸውም እኔን ቁልፍ እንዳዞር አላደረጉኝም። «ገለልተኛ» ምን ማለት እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ ወጣቱም ያውቅ ነበር። ያሳሳተን ግሡ ነው።

በእንግሊዝኛው ማርሹ ኤን ላይ መሆኑ ሽቦዎቹን ከማገናኘት በፊት መሟላት ያለበት ቅድመ ሁኔታ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የአማርኛው ወረቀት ግን በመጀመሪያ ሽቦዎቹ «ይገናኛሉ» ይላል፤ ቀጥሎም ማርሹ ገለልተኛ «ይሆናል» ይላል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች አድራጊ የላቸውም፤ ሁለቱም በአሁን-ትንቢት አንቀጽ ቆመዋል። ይህ አንቀጽ በአማርኛ ትእዛዝንም፣ ልማድንም፣ የሚመጣውን ውጤትም ሊገልጽ ይችላል። «ውኃው ይፈላል» ሲባል አፍላው ነው ወይስ ቆይቶ በራሱ ይፈላል? ዐውዱ ካልነገረን አናውቅም። ሁለታችንም «ይሆናል» የሚለውን ያነበብነው እንደ ውጤት ነው። ሽቦዎቹ ሲገናኙ ማርሹ ዜሮ የሚሆን መሰለን። ስለ መኪናው ሥራ ለማያውቅ ሰው ይህ ንባብ ከሌላው ይልቅ ተፈጥሯዊ ነው፤ በቅደም ተከተል የተጻፉ ነገሮች በቅደም ተከተል ይሆናሉና።

አማርኛ ይህን ዐይነቱን አሻሚነት የሚያስወግድበት የተሟላ መንገድ ያለው ቋንቋ ነው። «ማርሹን ኤን ላይ አድርገህ ሽቦዎቹን አገናኝ» በሚለው ዐረፍተ ነገር «አድርገህ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል። አንደኛ፣ አድራጊው አንተ መሆንህን በባለቤት ምዕላዱ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ድርጊቱ ከሚቀጥለው ግሥ በፊት መፈጸም እንዳለበት ያስገድዳል። ሌላ ቋንቋ ሁለትና ሦስት ቃላት ጨምሮ የሚገልጸውን ቅድመ ሁኔታ አማርኛ በአንዲት ፊደል ይገልጸዋል። ይህን ሀብት ትቶ በ«ይደረጋል» እና በ«ይሆናል» የሚጻፍ መመሪያ ከቋንቋው ጥንካሬ ሸሽቶ ወደ ድካሙ የሚጠጋ ነው።

ይህ ልማድ በዚህ ወረቀት ብቻ የሚታይ አይደለም። በመድኃኒት መግለጫ፣ በማዳበሪያ አጠቃቀም፣ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማስጠንቀቂያ ላይ ሁሉ ይገኛል። ምንጩ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው የእንግሊዝኛ ተገብሮ ግሥ በቀጥታ መወሰዱ ነው። ሁለተኛው የአክብሮት ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው ለማያውቀው አንባቢ «አድርግ» ማለት ይከብደዋል፣ «ያድርጉ» ማለትም ይረዝምበታል፤ ስለዚህ አድራጊውን ጨርሶ ይሰውረዋል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን «አድርገው ያገናኙ» ማለት ሁለቱንም ያሟላል።

5. የጋራዡ አማርኛ

የመኪና አማርኛችን በአካዳሚ የተሠራ አይደለም። ብዙው ክፍል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በፊትና በኋላ በነበሩ ጋራዦች የገባ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ታኮ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከእነርሱ ጎን መሪ፣ ቁልፍ፣ መፍቻ፣ ጥርስ የተባሉት የአገር ቃላት አዲስ ፍች ተሰጥቷቸው ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ስዊች፣ ሴንሰር፣ ቴስተር የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተነባብረዋል። ይህ ንብብር ለቋንቋ አፍቃሪው ዝብርቅርቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለመካኒኩ ግን እያንዳንዱ ስም አንድ ዕቃ ብቻ ይጠራል፤ ሙያዊ ስያሜ ሊኖረው ከሚገባ ጠባይ ዋናውም ይህ ነው።

የአዴት ገበሬ ሞፈርን ከቀንበር፣ እርፍን ከድግር፣ ወገልን ከምራን አያምታታም። ለሁሉም በአንድነት «የእርሻ ማያያዣ» ብንለው ግልጽ ሆነለት አይባልም፤ ስሙን ወሰድንበት እንጂ። የሒሱ መነሻ የሆነው ወረቀትም ለመካኒኩ ያደረገው ይህንኑ ነው። ካምቢዮንና ስዊችን ወስዶ ሥርጭትንና መቀየሪያን ሰጠው።

ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውም የውሰት ቃል ይጽና የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም። አንድ ቃል በሙያው ሰዎች ዘንድ ካልተለመደ ወይም ሁለት ዕቃ በአንድ ስም ከተጠራ የአካዳሚ ሥራ ያስፈልጋል። «ሴንሰር» የሚለው በአንዳንድ ጋራዥ የሙቀት መለኪያውንም፣ የማርሽ ስዊቹንም፣ የጎማ ፍጥነት ለኪውንም ያለ ልዩነት መጥራት ጀምሯል። ቃል አውጪው ጊዜውን ሊያውል የሚገባው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው።

አንድ ተቃውሞ መልስ ይሻል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ የሚለዋወጥ ማርሽ የላቸውም፤ ነገር ግን ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ የሚሉት ቦታዎች እንዳሉ ናቸው። ታዲያ «የማርሽ ቦታ» የሚለው ስያሜ ማርሽ ለሌለው መኪና እንዴት ይሆናል? መልሱ ከቋንቋው ታሪክ ይገኛል። ባቡር የሚለው ቃል እንፋሎት ከሚል የአውሮፓ ቃል በዐረብኛ በኩል የገባ ነው። መንገድ የሚደመድመውን «የሰርኪስ ባቡር»ንም፣ ወፍጮንም፣ በምድር የሚሄደውንም ጠርቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ እንፋሎት የለውም፤ ባቡር መባሉን ግን ማንም አልተቃወመም። ማርሽም እንዲሁ ከጥርሱ ተላቅቆ «የጉዞ ሁኔታ» ወደሚል ፍች እያመራ ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ለውጥ ሊመዘግበው እንጂ ሊከለክለው አይገባም።

6. የሚቀርበው ሐሳብ

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች ዕቃው «የማርሽ ቦታ ስዊች» ተብሎ እንዲጠራ፣ ቦታዎቹም ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ተብለው በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ የአማርኛ መግለጫ እንዲታከልላቸው ሐሳብ ቀርቧል። ከስያሜው ጎን ለጎን ግን የመመሪያ አጻጻፍ ሥርዐት እንዲወጣ አሳስባለሁ። ሒስ ያለ ማረሚያ ጎደሎ ስለሆነ፣ የወረቀቱ ዋና ክፍል እንዲህ ተሻሽሎ ቢጻፍ ይበጃል፦

«ሥራ ከመጀመርህ በፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በታኮ ወይም በድንጋይ አስደግፍ፤ የእጅ ፍሬኑንም ያዝ። መብራቱንና ጥሩንባውን ሞክረህ ባትሪው ደኅና መሆኑን አረጋግጥ። የእግር ፍሬኑን ረግጠህ ማርሹን ፒ ላይ አድርገህ ቁልፉን አዙር፤ ካልተነሣ ኤን ላይ አድርገህ ድገም። በአንዱ ተነሥቶ በሌላው እምቢ ካለ፣ የማርሹን ገመድና የስዊቹን ብሎኖች ተመልከት። በሁለቱም እምቢ ካለ፣ ቁልፉን አጥፍተህ የስዊቹን ሶኬት ንቀል፤ ውኃ፣ ዘይት ወይም ዝገት እንዳለበት እይ። ከዚያ ማርሹን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እያዛወርክ በስዊቹ እግሮች መካከል ጅረት ማለፉን በቴስተር ፈትሽ፤ የሞተሪኖው መስመር ሊያሳልፍ የሚገባው በፒና በኤን ብቻ ነው። ስዊቹ ተንሸራቶ ከሆነ ማርሹን ኤን ላይ አድርገህ ምልክቶቹን አገጣጥመህ እሰረው፤ ውስጡ ከተበላ ለውጠው። ሽቦ አገናኝተህ ስዊቹን በማለፍ መኪናውን ለባለቤቱ አታስረክብ፤ ማርሹ ገብቶ ሳለ ሊነሣ ይችላል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ ቃላት አሉ፤ አንዳቸውም ግን ለጋራዡ እንግዳ አይደሉም። ቅድመ ሁኔታ ሁሉ በቦዝ አንቀጽ ወይም በትእዛዝ ተነግሯል። ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን እንደ ሆነ የማይታወቅበት ዐረፍተ ነገር የለም።

የቃላት ኮሚቴዎቻችን አንድን ስያሜ ከማጽደቃቸው በፊት በሥራው ላይ ለተሰማራ ሰው አንብበው፣ ዕቃውን በጣቱ እንዲያሳያቸው ቢጠይቁት ብዙ ስሕተት ይቀራል። መመሪያ ሲሆንም እንዲያነበው ሳይሆን እያነበበ እንዲሠራው መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ፈተና የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው። አዴት ላይ በድንጋይ ተገትቶ የቀረው ጎማ ግን ድንጋይ ባላገኘ ቦታ ሊገታ እንደማይችል ማሰብ ከባድ አይደለም።